የሚገድል ሁሉ አይገድብም፦ «ብዛትን የሚገታው ረሃብ ብቻ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ብዛትን የሚገታው ረሃብ ብቻ ነው» በሚል ርእስ ሰሞኑን የቀረበውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአማርኛ ስለ ሥነ ምህዳር የሚጻፈው ጥቂት ነውና ርእሱ መነሣቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ጸሐፊውም ነገሩን ከልባቸው እንዳሰቡበት ከአጻጻፋቸው ይታያል። ያም ሆኖ የመደምደሚያቸው ክብደት ዝም እንድል አልፈቀደልኝም። የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። ማንኛውም ፍጡር ምግቡ እስኪያልቅ ይራባል፤ የሚያቆመውም ረሃብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ አካባቢ ሊሸከመው የሚችል የተወሰነና የማይለወጥ ቁጥር አለው። አዳኝ አውሬ ከጠፋ ታዳኙ ያለ ልክ በዝቶ ራሱን ያጠፋል። ቁጥሩ የተመናመነ ዝርያ ምግብ ስለሚተርፈው፣ ሰው እስካልነካው ድረስ በራሱ ጊዜ ያገግማል። ሰውም ከዚህ ሕግ ስለማይወጣ፣ የሕፃናትን ሞት መቀነስና የተራበን ማብላት ነገ የሚያልቀውን ሕዝብ ዛሬ ከማብዛት ያለፈ ፋይዳ የለውም። ለየነጥቡ በቅደም ተከተል ምላሽ እሰጣለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዝርዝሩ በፊት ግን ስህተቶቹ ሁሉ የሚቀዱበትን ምንጭ ማሳየት አለብኝ። ጸሐፊው በየምሳሌው የሚጠይቁት «ምን ገደላቸው?» ብለው ነው። የብዛት ሥነ ምህዳር የሚጠይቀው ግን «ምን ገደባቸው?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚለያዩት በአንድ ፊደል ቢሆንም መልሳቸው ብዙ ጊዜ ለየቅል ነው። በአንድ አካባቢ የሚኖር የአንድ ዝርያ ቁጥር የሚለወጠው በአራት መንገድ ብቻ ነው፦ በመወለድ፣ በመሞት፣ ከሌላ ቦታ በመምጣትና ወደ ሌላ ቦታ በመሄድ። አንድን ነገር «ገዳቢ» የምንለው፣ ያ ነገር ቢነሣ ወይም ቢቃለል ቁጥሩ ከነበረበት ከፍ ብሎ የሚቆይ ሲሆን ነው። ጥግግቱ (በአንድ ስፋት ቦታ ላይ ያለው ቁጥር) ሲጨምር ጫናው የሚከብድ፣ ጥግግቱ ሲቀንስ ደግሞ ጫናው የሚላላ ከሆነ፣ ከመገደብም አልፎ ቁጥሩን ወደ አንድ ደረጃ የሚመልስ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ሬሳ በመቁጠር ብቻ ከነዚህ አንዱንም ማወቅ አይቻልም።

ፖል ኤሪንግተን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ልዩነት በአዮዋ ረግረጎች ውስጥ በሚኖሩ መስክራት በተባሉ እንስሳት ላይ ለብዙ ዓመታት ተከታትለውታል። መስክራት ውኃ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያድር፣ አይጥ መሰል፣ ጠጉረ ብዙ እንስሳ ነው። ሚንክ የተባለው ትንሽ አዳኝ ከመስክራቶቹ ብዙዎቹን ይበላል። ቅሪተ አጥንቱን ብቻ ያየ ሰው «የገደባቸው ሚንክ ነው» ማለቱ አይቀርም። ኤሪንግተን ግን የሚበሉት እነማን እንደሆኑ ተመለከቱ፤ በብዛት የሚበሉት የራሳቸው ይዞታ ያላገኙ፣ በጠብ ተባርረው መጠለያ ያጡ ተንከራታቾች ነበሩ። እነዚህን ሚንክ ባይበላቸው ብርድ፣ በሽታ ወይም የሌላ መስክራት ጥርስ ይጠብቃቸው ነበር። በዚህ ረግረግ ገዳዩ ሚንክ፣ ገዳቢው ግን የመኖሪያ ቦታ ማነስ ነው ማለት ነው። ይህ አተረጓጐም በየቦታው እንደማይሠራ፣ በአንዳንድ ሥፍራ አዳኝ በእርግጥ ገዳቢ እንደሚሆን ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ለአሁኑ የሚያስፈልገን ጥያቄው ራሱ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ረሃብን ብቸኛ ገዳቢ ለማድረግ ዋና ማስረጃቸው ያደረጉት በአላስካ አጠገብ በቤሪንግ ባሕር ላይ ያለውን የሴንት ማቲው ደሴት ታሪክ ነው። በ1944 ወደ ደሴቱ 29 ሬይንዲሮች (በብርድ አገር የሚኖሩ አጋዘኖች) ተወሰዱ፤ በ1957 ቁጥራቸው 1,350፣ በ1963 ደግሞ 6,000 ደረሰ፤ በ1966 ተመራማሪው ዴቪድ ክላይን ሲመለሱ ግን ያገኙት 42 ብቻ ነበር። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ጸሐፊው የዘለሉት በመካከል ያለውን ነው። ሬይንዲር በበጋ ሣርና ቅጠል ይበላል፤ በክረምት ግን ኑሮው በአብዛኛው መሬትና ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚበቅለው በላይከን ላይ የተመሠረተ ነው። ላይከን ደግሞ ከተጋጠ በኋላ እንደገና ለመሸፈን ብዙ ዓመታት የሚፈጅ፣ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ነው። ክላይን በ1963 የመዘኗቸው ሴቶች ከ1957ቱ በ38 በመቶ፣ ወንዶቹ በ43 በመቶ ክብደታቸው ቀንሶ ነበር፤ የግልገሎች ድርሻም ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ የ1963/64ቱ ክረምት ከባድ በረዶና ብርድ ይዞ መጣ። እንግዲህ ያለቀው ምግብ በጠቅላላው ሳይሆን አንድ ዓይነት ምግብ፣ በአንድ ወቅት ነው። የበጋው ልምላሜ ምንም ያህል ቢተርፍ ለጥር ወር አይበደርም። በመጨረሻ የጣላቸውም ረሃቡ ለብቻው ሳይሆን ረሃብ ያከሳው ሰውነትና የከፋው የአየር ጠባይ በአንድነት ናቸው። አዳኝ የሌለበት፣ መውጫም የሌለው ደሴት የተለየ ሁኔታ እንጂ የተፈጥሮ ሁሉ ምሳሌ አይደለም።

ምግብ ሳያልቅ ቁጥር እንደሚቆም ለማየት ደግሞ እስከ ቤሪንግ ባሕር መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ብልቃጥ ዱቄት ይበቃል። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ለማሳየት የዱቄት ጥንዚዛ በብልቃጥ አራባ ነበር። ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ፣ ቀይ ቡናማ መልክ ያላት ናት። መጀመሪያ ቁጥሯ በፍጥነት ይጨምራል፤ ዱቄቱን በነፋሁ ቁጥር ወንፊቱ ላይ የሚቀሩት ጥንዚዛዎችና ትሎች እየበዙ ይሄዳሉ። ከዚያ ዱቄቱ ገና ብልቃጡን ሞልቶት እያለ ጭማሪው ይቆማል። አንድ ቀን በማጉያ መነጽር ትንሽ ዱቄት ዘርግቼ ስመለከት፣ አንዲት ጥንዚዛ ዱቄት እየቆፈረች ስትሄድ አንድ እንቁላል አጋጠማት። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ ላዩ ስለሚያጣብቅ ዱቄት ለብሷል። ጥንዚዛዋ ቆም ብላ ነከሰችው፤ ውስጡን መጠጠችና የተጨማደደውን ቅርፊት ትታ መንገዷን ቀጠለች። ረሃብ ነው እንዳይባል ቆማ የነበረው ምግቧ ላይ ነው። ጥንዚዛዎቹ በበዙ ቁጥር ከእንቁላል ጋር የሚገናኙበት ዕድል ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚወለደው ሳያድግ ይበላል። ብልቃጡ ሲቆይ ደግሞ ዱቄቱ ወደ ሮዝ የሚያደላ መልክ ይይዛል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ሽታም ያወጣል። ይህ ጥንዚዛዎቹ ራሳቸው የሚያመነጩት ኪኖን የተባለ ኬሚካል ነው፤ ሲጠራቀም የእንቁላል ምርታቸውንም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ዱቄት ቢጨመር ቁጥሩ ይጨምር የለም ወይ? እንግዲያው ገዳቢው ምግብ ነው» ሊለኝ ይችላል። በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ዱቄት ለጥንዚዛ ምግብ ብቻ ሳይሆን ቤትም ነው፤ ቤቱ ሲሰፋ ጥንዚዛና እንቁላል የሚገናኙበት ዕድል ይቀንሳል፤ ኪኖኑም ይሳሳል። ሁለቱን ለመለየት ግራምን ሳይሆን እየተወለዱ የሚያድጉትንና የሚበሉትን መከታተል ያስፈልጋል። ወፎችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው ዋይታም ደን ከ1947 ጀምሮ ግሬት ቲት የተባለችው ትንሽ ወፍ ስትጠና ኖራለች። ተመራማሪዎች በመራቢያ ወቅት ከደኑ ውስጥ ጥንዶችን ሲያነሡ፣ ክፍት የሆነውን ይዞታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከደኑ ውጭ በአጥር ዛፎች ላይ የነበሩ ወፎች መጥተው ያዙት። እነዚህ ወፎች በረሃብ ሊሞቱ የተቃረቡ አልነበሩም፤ በደኑ ውስጥ ቦታ ያጡ እንጂ። የደኑን ጥንዶች ቁጥር የወሰነው ይዞታ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የመሸከም አቅም ቋሚ ቁጥር ነው የሚለው ነው። ሐሳቡ የመጣው ከቤልጂጋዊው የሒሳብ ሊቅ ከፒየር ፍራንሷ ቬርሁልስት ነው፤ እርሳቸው በ1838 መጀመሪያ በፍጥነት የሚወጣ፣ ኋላ እየዘገየ ሄዶ ጣሪያው ላይ የሚረጋ የእድገት መስመር በቀመር አስቀመጡ። ሩሲያዊው ጆርጂ ጋውዜ ደግሞ በ1934 ባሳተሟቸው ሙከራዎች ፓራሚሲየም የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር በመስታወት ዕቃ ውስጥ ይህንኑ መስመር ተከትሎ እንደሚያድግ አሳዩ። መስመሩ ያማረው ግን ተመራማሪው በየጊዜው ምግቡን በእኩል መጠን ስለሚሰጡ፣ ሙቀቱን ስለሚጠብቁ፣ ፈሳሹንም ስለሚለውጡ ነው። ጣሪያው ቋሚ የሆነው ሁኔታው በሰው እጅ ቋሚ ስለተደረገ ነው። በሜዳ ላይ እንዲህ የሚጠብቅ እጅ የለም።

በታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ፓርክ በመንጋ የሚሰደደው ሣር በል እንስሳ፣ የዊልደቢስት ታሪክ ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የጠነከረው ነው። በ1890ዎቹ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው የደስታ በሽታ የተባለ የከብት ወረርሽኝ ከቀንድ ከብት ወደ ዊልደቢስትና ጎሽ እየተሻገረ፣ በተለይ እናታቸው የሰጠቻቸው መከላከያ ያለቀባቸውን ጥጆች ይፈጅ ነበር።  ከዚያ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የቀንድ ከብቶች ክትባት ተሰጣቸው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። ዊልደቢስቱን የከተበ ማንም የለም። በ1961 ከ250,000 ገደማ ያልበለጠው ቁጥር በ1977 ወደ 1.3 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው አፈር የመሸከም አቅሙ አምስት እጥፍ የሆነ መሰለ። ከዚያ በኋላ ጭማሪው የቆመው በደረቁ ወቅት በሚገኘው ሳር መጠን ነው፤ በ1993 ድርቁ ሲከፋ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ። እንግዲህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዝርያ ላይ፣ አስቀድሞ በሽታ ገዳቢ ነበር፤ በሽታው ሲነሣ ከኋላው ተሰውሮ የቆየው ሌላ ገዳቢ ብቅ አለ። ጸሐፊው የሚሉትን ቋሚ ቁጥር በየትኛው ዓመት ሊያነቡት ነው? 250,000ም 1.3 ሚሊዮንም ትክክለኛ መልስ ሊሆኑ የሚችሉት የተጠየቀው ዓመት ሲታወቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ አዳኞች ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም ማለት ግድ ይለኛል፤ ጸሐፊው የጠቀሱት የካይባብ ታሪክ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ላይ ስለሚገኝ፣ እኔም ራሴ ሳልመረምረው ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ታሪኩ ይህን ይመስላል። በአሜሪካ ከግራንድ ካንየን ሸለቆ በስተ ሰሜን ባለው የካይባብ አምባ ላይ በ1906 አጋዘን እንዳይታደን ተከለከለ፤ ተኩላ፣ ፑማና ኮዮት ግን በመንግሥት አዳኞች ተገደሉ። ከዚያ 4,000 የነበሩት አጋዘኖች በ1924 100,000 ደርሰው፣ ዛፍ ቅጠሉን ጨርሰው፣ በሚቀጥሉት ክረምቶች በረሃብ አለቁ። ግሬም ኮውሊ የተባሉት የሥነ ምህዳር ተመራማሪ በ1970 ወደ መጀመሪያዎቹ መዛግብት ተመልሰው ሲመለከቱ ያገኙት ግን ሌላ ነው። 100,000 የሚለው በዚያው ዓመት ከተሰጡት ልዩ ልዩ ግምቶች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ 30,000 ያሉም ነበሩ። በዚያ ላይ በእነዚሁ ዓመታት አምባው ላይ ይግጡ የነበሩት በጎችና የቀንድ ከብቶች ቁጥር በጣም ቀንሶ ነበር፤ ይህም ለአጋዘኖቹ ብዙ ግጦሽ ለቆላቸዋል። አዳኝ ሲጠፋ ተወዳዳሪም አብሮ ከቀነሰ፣ የአጋዘኑን መብዛት ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የአምባውን ዛፎች ዕድሜ ያጠኑ ሰዎች አጋዘኖቹ በእርግጥ እጅግ በዝተው ችግኞችን እንደጨረሱ የሚደግፍ ማስረጃ አግኝተዋል፤ ስለዚህ ታሪኩ ባዶ ነው አልልም። 4,000ና 100,000 የሚሉትን ቁጥሮች እንደተረጋገጠ ቆጠራ ማቅረብ ግን መቆም አለበት።

አዳኝና ምግብ እንዴት እንደሚተባበሩ ያሳየው በካናዳ ዩኮን፣ በክሉዋኔ አካባቢ በበረዶ ጥንቸሎች ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። የበረዶ ጥንቸልና አዳኟ ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት በ10 ዓመት ገደማ ዙር አብረው እየበዙ አብረው እንደሚመናመኑ ከድሮ የጠጉር ንግድ መዛግብት ጀምሮ ይታወቃል። ቻርልስ ክሬብስና ባልደረቦቻቸው ከ1986 ጀምሮ እያንዳንዳቸው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሆኑ የደን ክልሎችን ለዩ። በአንዱ ዓይነት ክልል ተጨማሪ ምግብ አኖሩ። በሌላው ጥንቸል የሚያሳልፍ፣ በምድር የሚሄድ አዳኝን ግን የሚከለክል የኤሌክትሪክ አጥር አጠሩ። በሦስተኛው ሁለቱንም አደረጉ። ምንም ካልተነካው ደን ጋር ሲነጻጸር አጥሩ ብቻውን የጥንቸሎቹን ጥግግት እጥፍ፣ ምግቡ ብቻውን ሦስት እጥፍ አደረገው፤ ሁለቱ በአንድነት ግን አሥራ አንድ እጥፍ አደረጉት። ሁለቱ ጫናዎች ሳይገናኙ ለየብቻ የሚሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ስድስት እጥፍ ገደማ እንጠብቅ ነበር።

በዚያ ደን የሚሞቱት ጥንቸሎች እጅግ አብዛኞቹ በአዳኝ የተበሉ ናቸው፤ በረሃብ የሚሞቱት ጥቂት ናቸው። ሬሳ ቆጣሪ «ምግብ ምንም አላደረገም» ሊል ነው፤ ምግብ ሲጨመር ግን ቁጥሩ ሦስት እጥፍ ሆነ። ምክንያቱ ሲመረመር የተራበች ጥንቸል ቅጠል ፍለጋ ከጥሻው ርቃ ወጥታ እንደምትበላ፣ ሊንክስ የበዛበት ደን ውስጥ የምትኖር እናት ደግሞ ሳትበላም ቢሆን በፍርሃት ሆርሞን ተጨንቃ ጥቂትና ደካማ ልጆች እንደምትወልድ ታወቀ። ረሃብ በአዳኝ ጥርስ ይገድላል፤ አዳኝም ያልበላውን ከመወለድ ያስቀረዋል። «ምግብ ነው ወይስ አዳኝ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ደን ውስጥ መልስ የለውም፤ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነውና።

ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላለፉት የአየር ጠባይም ጥቂት ልበል። ድርቅ፣ ውርጭና ጎርፍ ቁጥሩ ቢበዛም ባይበዛም እኩል የሚመታ «ዕድል» ስለሆኑ ከሒሳቡ መውጣት አለባቸው ብለዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚህ ላይ በአውስትራሊያ ትልቅ ክርክር ተካሂዷል። አንድሬዋርታና ባልደረቦቻቸው በአደሌድ ከተማ በጽጌረዳ አበቦች ላይ የሚገኙ ትሪፕስ የተባሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ለዓመታት ቆጥረው፣ ከዓመት ዓመት ካለው ልዩነት 78 በመቶውን የአየር ጠባይ ብቻውን እንደሚያስረዳው አገኙ። በሌላ ወገን የነበሩት ኒኮልሰን ጥግግት የማይነካው ኃይል ቁጥርን ወዲያና ወዲህ ያናውጣል እንጂ አያረጋውም ብለው ተከራከሩ። በ1961 ፍሬድሪክ ስሚዝ ያንኑ የትሪፕስ ቁጥር እንደገና ሲመረምሩ የጥግግት ተጽዕኖም በውስጡ ተገኘ። ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ነበራቸው። የሴንት ማቲው ክረምትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ያው በረዶ በወፈሩት 1,350ዎቹ ላይ ቢወርድ ኖሮ እንዲያ ይጨርሳቸዋል ብሎ ለመናገር ምክንያት የለንም። የአየሩ ክፋት በጥግግት ባይወሰንም የተጎጂው አቅም ግን በጥግግት ይወሰናል።

አራተኛው ነጥብ፣ የተመናመነ ዝርያ በራሱ ያገግማል የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያስከትል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ያመነ ሰው ሊጠፋ ለተቃረበ ዝርያ የሚያደርገው ነገር የለምና። ዋርደር አሊ የተባሉት አሜሪካዊ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እንዳስረዱት፣ ብዙ ፍጥረታት ቁጥራቸው ሲያንስ የሚጎዱበት ምክንያት አለ፤ ተጓዳኝ ማግኘት ይከብዳል፣ በመንጋ መከላከል አይቻልም፣ በዘመዳሞች መካከል መራባት ይበዛል። በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረው ተሰዳጁ ርግብ በታላላቅ መንጋ ሆኖ ካልሆነ በቀር በሚገባ የማይራባ ወፍ ነበር። አደን መንጋውን ከሰባበረው በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ርግቦችና ምግባቸው የሆነ የዛፍ ፍሬ በየደኑ ተርፎ ሳለ ዝርያው ማገገም አልቻለም፤ የመጨረሻዋ ርግብ በሴፕቴምበር 1914 በሲንሲናቲ መካነ እንስሳት ሞተች።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ካስፈለገ በሰሜን አሜሪካ በሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ያለው የአይል ሮያል ደሴት አለ፤ ተኩላዎቹና ሙስ የተባሉት ግዙፍ አጋዘኖቹ ከ1958 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲጠኑ ኖረዋል። ተኩላዎቹ በ1980 50 ነበሩ፤ ሰው ሳያስበው በገባ የውሻ ፓርቮቫይረስ ምክንያት በ1982 14 ብቻ ቀሩ። ሙሶቹ በዝተው በ1990ዎቹ አጋማሽ 2,400 ገደማ ደረሱና በ1996ቱ ከባድ ክረምት ወደ 500 አሽቆለቆሉ። ተኩላዎቹ ግን ከዚያም በኋላ በሚገባ አላገገሙም፤ በዘመዳሞች መካከል መራባት የአከርካሪ አጥንት እክል ጭምር አመጣባቸው፣ በ2016 ሁለት ብቻ ቀሩ። እነዚህ ሁለቱ አባትና ልጅ፣ በእናታቸውም በኩል ወንድምና እኅት የሆኑ የቅርብ ዘመዳሞች ነበሩ፤ በዙሪያቸው ግን ከ1,000 በላይ ሙሶች ይግጡ ነበር። ከዚህ የበለጠ የተረፈ ምግብ ለየትኛው አዳኝ ሊቀርብ ይችላል? ደሴቱ ተኩላ ያገኘው ከ2018 ጀምሮ ከሌላ ቦታ ተይዘው ሲመጡለት ነው። በጸሐፊው ቀመር ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

የቀረው ስለ ሰው የተባለው ነው። ጸሐፊው ሕዝብ ከምግብ ይልቅ በፍጥነት ይበዛል ካሉት ከእንግሊዛዊው ቶማስ ማልተስ የ1798 ክርክር ተነሥተው፣ ከሴንት ማቲው ሬይንዲሮች ወደ ሰው ልጅ በአንድ እርምጃ ተሻግረዋል። የሰው ልጅ ወሰን የለበትም አልልም፤ ውኃ፣ አፈርና የአየር ንብረት የሚችሉት መጠን አላቸው፤ ይህንንም የካደ ሰው ሥነ ምህዳር አልተማረም። ጥያቄው ግን የሕፃናትን ሕይወት ማዳን የሕዝብን እድገት ያፋጥናል ወይስ ያዘገያል የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ በእምነት ሳይሆን በቁጥር የሚፈተን ነው። የዓለም ሕዝብ ዓመታዊ እድገት በ1960ዎቹ ከ2 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ1 በመቶ በታች ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት በአማካይ 5 ገደማ ልጆች ትወልድ ነበር፤ ዛሬ ከ2.5 በታች ነው። በኖቬምበር 2022 8 ቢሊዮን የደረሰው ሕዝብ፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ባወጣው ግምት፣ በ2080ዎቹ 10.3 ቢሊዮን አካባቢ ደርሶ መቀነስ ይጀምራል። ይህ ሁሉ መቀዛቀዝ የመጣው ለአንድ ሰው የሚደርሰው ምግብ በዓለም ደረጃ እየጨመረ በሄደባቸው ዓመታት ነው። ገዳቢው ረሃብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምግብ ሲጨምር ወሊድ መጨመር ነበረበት።

ባንግላዴሽን እንመልከት። በ1970 አካባቢ ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 የሚበልጡት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ አንዲት ሴትም ወደ 7 የሚጠጉ ልጆች ትወልድ ነበር። ከዚያ ክትባት፣ ለተቅማጥ የሚሰጥ የስኳርና የጨው ውኃ፣ የሴት ልጆች ትምህርትና በየቤቱ እየዞሩ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያስረዱ ሴቶች መጡ። ዛሬ ከ1,000 ሕፃናት የሚሞቱት ወደ 30 ገደማ ወርደዋል፤ የወሊዱም መጠን ወደ 2 ገደማ ደርሷል። ሞት መጀመሪያ፣ ወሊድ ኋላ ስለሚቀንሱ በመካከል ሕዝቡ በእርግጥ በፍጥነት ያድጋል፤ ጸሐፊው ያዩት ይህን መካከለኛ ጊዜ ነው፤ ሂደቱ ግን በዚያ አይቆምም። ወላጅ ልጁ እንደሚያድግለት ሲተማመን፣ እናትም ስንት እንደምትወልድ መወሰን ስትችል፣ ሰባት መውለድ አያስፈልግም።

በሬይንዲሮቹና በነዚህ እናቶች መካከል ያለው ልዩነት ጸሐፊው እንዳሰቡት የመጠን ልዩነት አይደለም፤ የአቅጣጫ ነው። በሴንት ማቲው ደሴት የግልገሎች ቁጥር የቀነሰው እናቶቹ ሲከሱ ነው። በባንግላዴሽ የልጆች ቁጥር የቀነሰው እናቶቹ ሲጠግቡ፣ ልጆቻቸውም መሞት ሲያቆሙ ነው። በአንዱ ኑሮ ሲከፋ ወሊድ ይወርዳል፤ በሌላው ኑሮ ሲሻሻል ወሊድ ይወርዳል። ከመጀመሪያው የተቀዳ መስመር ሁለተኛውን አይተነብይም፤ ስለዚህ ጸሐፊው የቀረውን ጽሑፋቸውን ቢያቆዩትም፣ የተራበን ማብላት ፋይዳ የለውም የምትለዋን አንቀጽ እንዲያነሧት እጠይቃቸዋለሁ።